በሳንባ ሕመም ትንፋሽ ያጠረውን ሰው እንዴት እናስተኛው? ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ውስጥ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ብርዱ ከበድ ካለ ወዲህ የሳንባ ምች ጥያቄ በውስጥ መስመር በዝቶብኛል። አንድ በአንድ ከምመልስ ሁሉም እንዲያነበው እዚሁ ጠይቁኝ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልበል። አስተኛኘት ኦክስጅንን አይተካም፣ መድኃኒትንም አይተካም። ከንፈሩ የጠቆረ፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ የሚቃዥ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው ሰው ቤት ውስጥ ካለ ማንበቡን ትታችሁ ይዛችሁት ሂዱ።

የሆጤ ልጅ፦ ሲስተር፣ በኮቪድ ጊዜ ሰዎችን በሆዳቸው ሲያስተኙ በቴሌቪዥን አይተናል። በደረት መተኛት ጭራሽ አያፍንም?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። የሳንባችን ትልቁ ክፍል ያለው በጀርባችን በኩል ነው። በጀርባችን ስንተኛ ልብ ከላይ ይጫነዋል። ሆድም ድያፍራምን (ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ) እየገፋ ያጣብበዋል። ጤነኛ ሰው ይሄ ምንም አይመስለውም። ሳንባው በኢንፌክሽን አብጦ ፈሳሽ የቋጠረ ሰው ግን ከሥር ያለው ክፍል ይጨመቅና አየር አይገባውም። ደሙ ግን እዚያው በብዛት መፍሰሱን አይተውም። አየር በሌለበት የሚያልፍ ደም ደግሞ ባዶውን ይመለሳል። ሰውየውን በሆዱ ስታስተኛው የልብ ክብደት ወደ ደረት አጥንቱ ይዞራል፣ በጀርባ በኩል ያለው ሳንባ ይከፈታል። አክታም ለመውጣት ይቀለዋል።

ነገሩ ከኮቪድ ጋር የመጣም አይደለም። ሐኪሞች ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሞክሩት ነበር። ነገሩን የለየው በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሮሴቫ የሚባለው የፈረንሳይና የስፔን ጥናት ነው። መተንፈሻ ማሽን ላይ የነበሩ፣ ሳንባቸው ክፉኛ የተጎዳ ታማሚዎች በአንድ ዙር ቢያንስ ለ16 ሰዓት በሆዳቸው እንዲተኙ ተደረገ። በ28 ቀን ውስጥ በጀርባቸው ከተኙት 32.8 በመቶ ሞቱ፣ በሆዳቸው ከተኙት 16 በመቶ። በግማሽ ማለት ነው! አዲስ መድኃኒት የለበትም። ያለው የሰው እጅ ነው። ማሽን ላይ ያለን ሰው ለማዞር አራት አምስት ሰው እንቆማለን። አንዱ ራስጌ ሆኖ ቱቦውን ብቻ ይይዛል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለውም እሱ ነው። እሱ ሳይቆጥር ማንም አይነካም።

ራሱን ለሚያውቅና በራሱ ለሚተነፍስ ሰው ጥቅሙ እንደዚያ ትልቅ አይደለም። በኮቪድ ጊዜ የተሠሩት ጥናቶች ማሽን ላይ የመግባትን ዕድል እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሞትን ስለመቀነሱ ግን ያን ያህል ግልጽ ውጤት የለም። ቢሆንም ወጪ የለውም፣ ታማሚውም ብዙ ጊዜ ይቀለዋል።

እሙ ሐያት፦ አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶልናል፣ አልሐምዱሊላህ። ሐኪሙ «በጀርባው ብቻ አታስተኙት» ብሎናል። ሆዱ ትልቅ ነው፣ በሆዱ እንዴት እናድርገው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ከበላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይለፈው። ሽንት ቤት ደርሶ ይመለስ። አንድ ትራስ ከደረቱ ላይኛው ክፍል ሥር፣ አንድ ከዳሌው ሥር፣ አንድ ከቅልጥሙ ሥር አድርጉ። ዋናው ነገር መሐል ላይ ሆዱ እንዳይጨፈለቅ ነው፣ ፍራሹን ሳይጫን ነፃ ይሁን። ትራስ ካጠረ ጋቢ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ ያው ነው። ፊቱ ወደ ጎን ይዙር። ፊቱ በዞረበት በኩል ያለው ክንድ ታጥፎ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ፊትና ክንዱን አቀያይሩ። «እጄን ደነዘዘኝ» ካለ ግን ሰዓት አትጠብቁ።

ሆዱ እምቢ ካለ በጎኑ አድርጋችሁ ወደ ፊት ዘንበል ይበልና ትራስ ይቀፍ። ቀኑን አከፋፍሉት። በሆዱ፣ በቀኝ ጎኑ፣ ተደግፎ ቁጭ፣ በግራ ጎኑ። እያንዳንዱ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት፣ እሱ እንደቻለው። ከዞረ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ኦክስጅኑን ለኩ። ከወረደ ወይም ከከበደው መልሱት። ሽማግሌ ሰው ናቸው፣ በግድ አይሆንም።

ኮምቦልቻ 05፦ ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ ለእናቴ 93 ትላለች። ኢንተርኔት ላይ 95 ካልሆነ አደጋ ነው ይላል።

ጦሳ ሥር፦ ደሴ ላይ እኔ ጤነኛው ራሴ 94 ነው የሚያሳየኝ። ከፍታው ነው።

ኮምቦልቻ 05፦ እና እኮ ኮምቦልቻ ይሻላል ማለት ነው። የደሴን ታማሚ ሁሉ ወደ እኛ ማውረድ ነው!

ጦሳ ሥር፦ ሙቀታችሁና የፋብሪካ አቧራችሁስ?

መልስ፦ ተረጋጉ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ነው፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፣ ስለዚህ ደሴ ላይ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያሳይ አይገርምም። ግን ትንፋሽ ያጠረውን ሰው ያለ ኦክስጅን በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ታወርዳላችሁ? አይደረግም። ኮምቦልቻ 05፣ አንድ ቁጥር ብቻ አትይ። በደህናቸው ጊዜ ስንት ነበር? እየወረደ ነው ወይስ ባለበት ነው? ከ90 በታች ከሆነ ደሴም ኮምቦልቻም ሐኪም ቤት ነው። ደግሞ ጣታቸው ሞቆ ይለካ። የቀዘቀዘ እጅ፣ የጥፍር ቀለም፣ ጥቁር ሂና ቁጥሩን ያዛባሉ። ሂና ካለ ያልተቀባ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ላይ የሚሰካውን ተጠቀሙ።

ሳምሪ፦ ትንፋሽ ያጥረኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዕድሜ? ከመቼ ጀምሮ? ትኩሳት፣ ሳል፣ የእግር እብጠት አለ? ይሄን ሳላውቅ የምሰጠው መልስ ሟርት ነው።

የነርሲንግ ተማሪ፦ ሲስተር፣ የሳንባ ምች በአንድ ሳንባ ብቻ ከሆነ በየትኛው ጎን ነው የሚተኛው?

መልስ፦ ጎበዝ። አዋቂ ከሆነ ደህናው ሳንባ ወደ ታች። ደም ስበትን ተከትሎ ወደ ታች ስለሚበዛ አየር ያለበት ሳንባ ብዙ ደም ያገኛል። ጨቅላ ሕፃን ላይ ግን ይገለበጣል፣ የደረታቸው አጥንት ለስላሳ ስለሆነ ደህናው ወደ ላይ ሲሆን ይሻላቸዋል። አሁን የምለውን ደግሞ በቀይ አስምሪበት። ታማሚው ደም የሚተፋ ከሆነ ወይም ሳንባው ውስጥ መግል ከቋጠረ የታመመው ጎን ነው ወደ ታች የሚሆነው። ደህናውን ከታች ካደረግሽ ደሙ ወይም መግሉ ወርዶ ደህናውን ያሰምጠዋል። የትኛው ጎን እንደሆነ ከራጅ ሳታረጋግጪ አትገምቺ።

ቧንቧ ውሃ፦ አያቴ ልባቸው ደክሟል፣ ማታ ያፍናቸዋል። በሆዳቸው ላስተኛቸው?

መልስ፦ በፍጹም። ቁጭ ይበሉ፣ ጀርባቸው ይደገፍ፣ እግራቸው ወደ ታች ይውረድ። ዛሬውኑ ሐኪም ይያቸው።

አስሜ፦ ለአስምስ?

መልስ፦ ቁጭ ብለሽ ወደ ፊት ዘንበል፣ ክርን ጠረጴዛ ወይም ጉልበት ላይ። የሚነፋውን መድኃኒትሽን ከዚያ በፊት ተጠቀሚ።

የሰኞ ገበያ ሰው፦ በሆድ መተኛት ለሁሉም ይሆናል?

መልስ፦ አሁን ለአያትየው ምን አልኩ? ከላይ ይነበብ እንጂ። ለሁሉም አይሆንም። ለሚያስመልሰው፣ ራሱን ለማያውቅ፣ የአከርካሪ ጉዳት ላለበት፣ ደረቱን ወይም ሆዱን በቅርብ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት አይሆንም። የመጨረሻ ወራት ላይ ያለች ነፍሰ ጡር በግራ ጎኗ ትተኛ።

የሐያት ጎረቤት፦ ይሄ ሁሉ ከሚሆን ባሕር ዛፍና ዳማከሴ አፍልቶ መታጠን ነው። እናቴ እኛን በዚያ ነው ያሳደገችን።

የሆጤ ልጅ፦ የጎረቤታችን ልጅ በዚያው በፈላው ውሃ ተቃጥሏል።

የሐያት ጎረቤት፦ ያ የጥንቃቄ ማነስ ነው።

መልስ፦ እናትዎን አከብራለሁ። አፍንጫ ለዘጋው ጉንፋን እንፋሎት ቀለል ያደርግ ይሆናል። የሳንባ ምችን ግን አይፈውስም፣ ልጅ አጠገብ የፈላ ድስት ደግሞ አደጋ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በር ተዘግቶ፣ ከሰል ተያይዞ፣ ዕጣን እየጨሰ ሃያ ጠያቂ ታማሚው ክፍል ሲታፈን ነው። ቡናውን ሌላ ክፍል አፍሉት። መስኮት ክፈቱ። ኦክስጅን ባለበት ቤት ከሰልም ሻማም ሲጋራም የለም፣ እሳት ይነሳል።

የአራት ወር እናት፦ ልጄ ደረቱ ያቃስታል። በሆዱ ላስተኛው?

መልስ፦ አይሆንም እናቴ። ቤት ውስጥ ሕፃን በሆዱ አይተኛም፣ በእንቅልፉ በድንገት ሊሞት ይችላል። ሆስፒታል ውስጥ የምናደርገው ማሽን እየተከታተለው ነው። ልብሱን ገልጠሽ፣ ሳያለቅስ፣ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ቁጠሪ። በእሱ ዕድሜ 50 ከደረሰ ፈጣን ነው። ከሁለት ወር በታች ላለ 60፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ጡት እምቢ ካለ ግን ቁጥሩን ተዪው። የምትዪው ማቃሰት ራሱ የአደጋ ምልክት ነው፣ አሁኑኑ ውሰጂው። በመንገድ ላይ እቅፍሽ ውስጥ ቀና አድርገሽ ያዢው።

ሮቢት፦ የትኛውን አንቲባዮቲክ ልግዛ?

መልስ፦ እዚህ አልጽፍም።

ሮቢት፦ እሺ በሆድ መተኛቱ ብቻ በቂ ነው?

መልስ፦ ለስንተኛ ጊዜ ልበል? አስተኛኘት ኦክስጅንን አይተካም። መድኃኒትንም አይተካም።

ሳምሪ፦ ይቅርታ ሲስተር፣ አሁን በደንብ ልጻፍ። 34 ዓመቴ ነው። ሳሉ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ማታ ማታ ያልበኛል፣ ቀሚሴ ሰፍቶኛል።

መልስ፦ እንዲህ ሲጻፍ ነው የሚመለሰው። ሳምሪ፣ ጥያቄሽ የአስተኛኘት አይደለም። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ነገ ጠዋት በአቅራቢያሽ ያለ ጤና ጣቢያ ሄደሽ አክታሽን ስጪ። ምርመራውም ሕክምናውም በመንግሥት ጤና ተቋም ነፃ ነው። እስከዚያ አፍሽን ሸፍኚ፣ የምትተኚበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት፣ ልጆች ካሉ ለብቻ ይተኙ። ዛሬ ማታ በሚመችሽ በኩል ተኚ። ደም ካየሽ ግን እስኪነጋ አትጠብቂ።