ሰኞ ሰኞ የማትነሳው ቪትዝ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የ2004 ሞዴል ቪትዝ አለችኝ። በ8 ወር ውስጥ ሁለት ባትሪ በላችብኝ። አሁንም ጠዋት፣ በተለይ ሰኞ ሰኞ፣ አልነሳም ትላለች። በኬብል ከሌላ መኪና ካስነሷት በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ደህና ናት። ጋራዥ ዲናሞው ሞቷል፣ ይቀየር አሉኝ። ልቀይረው?» ነው ያልሽው።

እስኪለካ ድረስ እንዳትቀይሪው።

የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ 17 ዓመት ሆነኝ። እንዲህ ያለ መኪና በየሳምንቱ ይመጣልኛል። ብዙዎቹ ባለቤቶች እኔ ጋ የሚደርሱት ባትሪም፣ ዲናሞም፣ አንዳንዴ ሞተሪኖም (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያስነሳውን) ከቀየሩ በኋላ ነው። ብሩ ካለቀ በኋላ ነው ችግሩ የሚፈለገው። ይሄ ነገር ያንገበግበኛል። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

ዓይኔ ያረፈው «ሰኞ ሰኞ» ባልሽው ላይ ነው። የዲናሞ ሥራ ሞተሩ ሲዞር ባትሪ መሙላት ነው። ዲናሞው ባይሞላ ኖሮ መኪናዋ ቀን አትመርጥም ነበር። ረቡዕ ከሥራ ስትመለሺ መገናኛ ጋ መጨናነቅ ውስጥ፣ የፊት መብራቷ እየደከመ፣ ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ቀይ በርቶ ትቆምብሽ ነበር። ያንቺ ግን ስትሄድ ጤነኛ ናት። የምትደክመው ስትቆም ነው፤ ያውም ብዙ ስትቆም። አርብ ማታ 1 ሰዓት ካቆምሻት እስከ ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት 60 ሰዓት ይሆናል። በዚያ መሀል አንድ ነገር ባትሪውን ቀስ እያለ እየጠጣው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሒሳቡን እንሥራው። የኋላ ዕቃ መጫኛው መብራት ሳይጠፋ ቀረ እንበል። 5 ዋት አምፖል ናት። በ12 ቮልት 0.4 አምፔር አካባቢ ትስባለች። በ12 ሰዓት ሌሊት 5 አምፔር-ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው የሚለካበት) ወሰደች ማለት ነው። እንደ ቪትዝ ባለች ትንሽ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው ባትሪ 35 አምፔር-ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ ማክሰኞ ጠዋት ምንም አይታወቅሽም፣ ቁልፉን ስታዞሪ ትነሳለች። በ60 ሰዓት ግን 25ቱ ሄደ። በቀረችው ሞተሪኖው አይዞርም።

ሁለቱ ባትሪዎችሽም ሲገዙ ደህና ነበሩ ይሆናል። የመኪና ባትሪ ባዶ እስኪሆን ተጠቅመው መልሰው የሚሞሉት ዓይነት አይደለም። ባዶ ሆኖ በቆየ ቁጥር ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ሰልፌት ይጋገርባቸዋል። የመያዝ አቅሙ እያነሰ ይሄዳል። አምስት ስድስት ጊዜ እንዲህ የተንገላታ አዲስ ባትሪ ከአሮጌ አይሻልም። ለዚህ ነው ባትሪ ብቻ መቀየር መፍትሔ ያልሆነልሽ። የሚጠጣው ነገር እዚያው ቁጭ ብሏል።

«ይለካ» ብዬ ችክ የምልበት ምክንያት አለኝ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ አባት ሚኒባስ ታክሲያቸውን ይዘው መጡ። ሞተሪኖው እያቃሰተ ነው የሚዞረው። ኮፈኑን ከፈትኩ፣ አየት አደረግኩና ሳልለካ «ዲናሞ ነው» አልኳቸው። ተበድረው ገዙ። በሳምንቱ ያንኑ ችግር ይዘው ተመለሱ። አብሮኝ የሚሠራ አንጋፋ መካኒክ ሦስት አራት ጊዜ እስታርት አስደረገና፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ገመድ ጫፍ አሳይቶ «ንካው» አለኝ። ስነካው አቃጠለኝ። ቀደም ሲል ካምቢዮ ሲወርድ ያ ቡሎን ተፈትቶ ነበር፤ ሲመለስ ዝገትና ዘይት ላይ ታሰረ። ፈታነው፣ በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪያበራ አጸዳነው፣ አጥብቀን አሰርነው። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ሚኒባሱ ዘሎ ተነሳ። እኒያ አባት አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ ዝም ብለው ነው ያዩኝ። የዲናሞውን ዋጋ ከደመወዜ እያወጣሁ በአራት ወር መለስኩላቸው። ከዚያ ወዲህ ሳልለካ ማንንም ዕቃ ግዛ ብዬ አላውቅም።

ለመለካት ዲጂታል ቴስተር (ቮልትና አምፔር መለኪያ) ይበቃል፤ ርካሹም ይሆናል። ባይኖርሽ መካኒኩ አንቺ ፊት ይለካ፣ ቁጥሩን ራስሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ያደረች መኪና ላይ፣ ጠዋት ሳትነሳ፣ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት 20 ላይ አድርገሽ ቀዩን ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ኔጌቲቭ ላይ አስነኪ። 12.6 ወይም 12.7 ካነበብሽ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ አካባቢ ነው። 12 ካሳየ የቀረው ሩብ ያህል ነው። ብዙ ሰው «ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12 ካሳየ ምን ጎደለው?» ይላል። ጎድሎታል፣ ያውም በጣም።

ቀጥሎ ሌላ ሰው እስታርት ሲያደርግ ቁጥሩን እዪ። ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ሙሉ የነበረ ባትሪ ወደ 8 ከወደቀ አልቆለታል። ቁጥሩ ከ10 በላይ ሆኖ ሞተሪኖው ካቃሰተ ግን ባትሪውን ተዪውና ገመዶቹን ተመልከቺ። አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አድርገሽ እንደገና እስታርት ይደረግ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበብሽ ችግሩ የኧርዝ ገመዱ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የሚሄደው) ወይም ማሰሪያው ነው። የእኒያ አባት ሚኒባስ ላይ መለካት የነበረብኝ ይሄንን ነበር።

ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው ላይ ለኪ። ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። የፊት መብራቱን፣ የንፋሱን ማራገቢያ ሁሉ አብሪና ነዳጅ ትንሽ ረገጥ ሲደረግ ከ13.5 ካልወረደ፣ «አይሞላም» ብሎ ዲናሞ የሚያስገዛሽን ሰው አትስሚ። ከ13 በታች ከሆነ ደግሞ ከዲናሞው በፊት ቺንጋውን፣ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ እዪ። ላልቶ፣ ተበልቶ ወይም ዘይት ነክቶት ሊሆን ይችላል። ጠዋት ስትነሳ የምትጮኸው ጩኸት ብዙ ጊዜ ከእሱ ናት። ከ15 በላይ ካለፈ የዲናሞው ቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ተበላሽቷል፤ ባትሪውን እያፈላው ነው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንሽ ነገር አለ። ዲናሞ ለመፈተሽ ብሎ ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ማሰሪያ የሚነቅል መካኒክ ካጋጠመሽ እጁን ያዢው። «ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው» የሚባለው ዘዴ በድሮዎቹ ኮምፒውተር በሌላቸው መኪኖች ጊዜ የቀረ ልማድ ነው። ባትሪው በድንገት ሲነቀል የዲናሞው ቮልቴጅ ለቅጽበት በጣም ይዘላል። ያ ዝላይ የዲናሞውን ዳዮድም (ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ዕቃ)፣ የሞተሩን ኮምፒውተርም ሊያቃጥል ይችላል። ቴስተር እያለ ይሄ ሁሉ ድፍረት ለምን?

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፣ ወደ ሌባው። ቁልፉን ነቅለሽ ሁሉንም አጥፊ። የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁልፍ ፍቺ። የቴስተሩን ቀይ ሽቦ ባለ 10 አምፔሩ ቀዳዳ ውስጥ ክተቺ። አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ከተፈታው ገመድ ጋር አገናኚ። በር መክፈት ካስፈለገሽ የበሩን መቆለፊያ በካቻቢቴ ዝጊው፤ አለዚያ የውስጥ መብራቱ ያሳስትሻል። ከዚያ 20 ወይም 30 ደቂቃ ጠብቂ፤ ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ድረስ ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። ከ0.02 እስከ 0.05 አምፔር ጤናማ ነው፤ ሰዓቱና አላርሙ የሚጠቀሙበት ነው። ከ0.1 ካለፈ ሌባ አለ። ቴስተሩ እንደዚህ ተገናኝቶ ማንም ቁልፍ እንዳያዞር፤ የቴስተሩ ፊውዝ ይቃጠላል። ስትጨርሺም ቀዩን ሽቦ ወደ ቮልት ቀዳዳው መልሺ።

ቁጥሩ ከፍ ካለ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀልሽ ቁጥሩን ተመልከቺ። የትኛው ሲነቀል ወደ 0.03 ዝቅ እንዳለ ያዢ። ሌባው በዚያ ፊውዝ መስመር ላይ ነው። ሁሉም ተነቅሎ ካልወረደ ደግሞ ሌባው በፊውዝ ሳጥኑ በኩል አያልፍም ማለት ነው። ያኔ ሁለት ቦታ ነው የምሄደው። አንዱ ከውጭ የተጨመረ ዕቃ ነው፤ አላርም፣ ጂፒኤስ፣ ፓውዛ፣ ባለ ስክሪን ሙዚቃ። ሁለተኛው ዲናሞው ራሱ ነው። ለጋራዡ ሰዎች ፍትሐዊ ልሁንና፣ ዲናሞ በደንብ እየሞላም ውስጡ ያለ ዳዮድ ሊያፈስ ይችላል። ለማወቅ ቀላል ነው፤ ካደረች በኋላ ጠዋት ዲናሞውን በእጅሽ ንኪው። ሌላው ብረት ሁሉ ቀዝቅዞ እሱ ብቻ ለብ ካለ ጥፋተኛው እሱ ነው። ያን ጊዜ ቀይሪ፤ ወይም ዳዮዱ ብቻ ይቀየርልሽ።

ከልምዴ ግን ብዙ ጊዜ የማገኘው የተጨመረውን ዕቃ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ኮሮላ መጣች፣ ልክ ያንቺ ዓይነት። ቴስተሩ 0.6 አምፔር አሳየ። የሬዲዮውን ፊውዝ ስነቅል 0.03 ሆነ። ሙዚቃውን ከዳሽቦርዱ አወጣሁት። ከኋላው ቢጫውና ቀዩ ሽቦ አንድ ላይ ተጠምዝዘው በፕላስተር ተጠቅልለዋል። ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው ነው፤ ሰዓትና ጣቢያ እንዳይጠፋ። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ማግኘት አለበት። ሁለቱ ሲታሰሩ ስክሪኑ ጠፍቶ ይታያል፣ ውስጡ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ሽቦዎቹን ለየብቻ መለስኳቸው፤ ያ ነበር ጥገናው በሙሉ። ባለቤቱ ግን ቀድሞ ሦስት ባትሪ ገዝቶ ነበር። ቪትዝሽን ከገዛሽ ወዲህ፣ ወይም ከአንቺ በፊት፣ ምን እንደተገጠመባት አስታውሺ። የመጀመሪያው ባትሪ የሞተው ከዚያ ስንት ጊዜ በኋላ ነው?

የኋላ ዕቃ መጫኛው መብራት መጥፋት አለመጥፋቱን ለማወቅ ስልክሽን ቪዲዮ ላይ አድርገሽ ውስጥ አስቀምጪና በሩን ዝጊው። ከደቂቃ በኋላ አውጥተሽ እዪው። ቪዲዮው ካልጨለመ ሌባሽን ያዝሽው።

አልነሳም ስትል የምታሰማውንም ድምፅ ልብ በይ። ቶሎ ቶሎ «ጭቅ ጭቅ ጭቅ» ካለች ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። አንድ ጊዜ ብቻ «ጭቅ» ብላ ዝም ካለች፣ መብራቱም ካልደከመ፣ ሞተሪኖውን ጠርጥሪ። ሞተሪኖው በኃይል እየዞረ ካልተነሳች ጉዳዩ የባትሪ አይደለም፤ ነዳጅ ወይም ካንዴላ ነው። ካምቢዮዋ አውቶማቲክ ከሆነ ደግሞ ገፍተሽ አታስነሻትም፤ አትድከሚ።

ማሰሪያዎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ አጥቢው፤ ሲደርቅ ቫዝሊን ቀቢው። ስትፈቺ ኔጌቲቩን አስቀድሚ፣ ስታስሪ ኔጌቲቩን አስከትዪ። እንዲህ ስታደርጊ ቁልፉ የመኪናውን አካል ቢነካ እንኳ ብልጭታ የለም። በኬብል ስታስነሺም የመጨረሻውን ጥቁር ጫፍ የሞተችው ባትሪ ላይ ሳይሆን ራቅ ያለ የሞተር ብረት ላይ እሰሪ። ከባትሪው የሚወጣ ጋዝ በብልጭታ ይፈነዳል። ዓይኑን ሊያጣ የነበረ ልጅ አውቃለሁ።

እግረ መንገዴን፣ «እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ነው የያዝኩት፣ አይመለከተኝም» የሚል አንባቢ ካለ፣ ይመለከተዋል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እነሱም ወደኔ እየበዙ ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተች በሩም ላይከፈት ይችላል።

አሁን ያንቺን ሥራ ልስጥሽ። ለዚህ ቴስተርም አያስፈልግም። አርብ ማታ ስታቆሚያት የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቺና ገመዱን ከባትሪው አርቂው። ሰዓቱና ሬዲዮው ይጠፋሉ፣ ሞተሩም መጀመሪያ ትንሽ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ አትደንግጪ። ሰኞ ጠዋት እሰሪውና እስታርት አድርጊ። ከተነሳች ሌባው መኪናዋ ላይ ነው፤ ወደ ፊውዞቹ እንሄዳለን። ካልተነሳች ባትሪው ራሱ መያዝ አቅቶታል፤ ወደ ሻጩ በዋስትናው ትወስጂዋለሽ። ሰኞ ምን እንዳለች እዚሁ ጻፊልኝ። ምን ምን እንደተገጠመባትም አብረሽ ንገሪኝ።