ጠዋት የተቀቡት ሽቶ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ለምን ይጠፋል?

እህታችን፣ ያቀረቡትን ጥያቄ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጡ በእጅ አንጓዎና በአንገትዎ ላይ የሚረጩት የሎሚና የብርቱካን ጠረን ያለው ኦ ዴ ትዋሌት (ቅመሙ ቀለል ያለ የሽቶ ዓይነት) ምሳ ሰዓት ሳይደርስ እንደሚጠፋብዎት ገልጸው፣ ችግሩ የቆዳዎ ይሁን፣ የአቀባብዎ ይሁን ወይስ ሽቶው አስመስሎ የተሠራ ይሁን ጠይቀዋል። እኔ ዱባይ ውስጥ በአንድ የሽቶ መደብር ለዓመታት በሻጭነት ስለሠራሁ ይህን ጥያቄ ከብዙ ደንበኞች ሰምቼዋለሁ፤ መልሴም በዚያ ሥራ ላይ ሳለሁ ካየሁት የተነሣ ነው።

አብዛኛው ሰው ስለ አቀባቡ ይጨነቃል እንጂ፣ የሽቶን ቆይታ ከሁሉ በላይ የሚወስነው በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቅመም ነው። የሎሚ፣ የብርቱካንና የቤርጋሞት (የብርቱካን ዘመድ የሆነ ፍሬ) ጠረን የሚሰጡት ንጥረ ነገሮች ቶሎ የሚተኑ በመሆናቸው፣ በማንም ሰው ቆዳ ላይ ቢቀቡ አብዛኛው ጠረናቸው ብዙ ሳይቆይ ይበናል። ሰንደል፣ ቫኒላ፣ ምስክና ኡድ (ጥሩ ጠረን ካለው እንጨት የሚገኝ ቅመም) ግን ከባድ ስለሆኑ በዝግታ ይተናሉ፤ ሽቶ ቀማሚዎችም ቀላሉን ጠረን ከከባዱ ጋር አዋሕደው ለማቆየት ይጥራሉ። ለዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ ሲፈለግ የኖረው አንዱ ነገር ከአገራችን ጥርኝ የሚገኘው ዝባድ ነበር፤ ዛሬ ግን ትልልቆቹ ሽቶ ሠሪዎች በአብዛኛው በቤተ ሙከራ የተሠራ ምትክ ይጠቀማሉ። በንግዱ ልማድ ኮሎኝ ከ2 እስከ 5 በመቶ፣ ኦ ዴ ትዋሌት ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ ኦ ዴ ፓርፋም ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ ገደማ የሽቶ ቅመም ይይዛሉ፤ የቀረው በአብዛኛው አልኮል ነው። ስለዚህ የእርስዎ ሽቶ በጠረኑም በመጠኑም ቶሎ ከሚያልቁት ወገን ነው፤ አራት ጊዜ በመርጨት ፈንታ ስምንት ጊዜ ቢረጩትም ቢሮ ያሉትን ባልደረቦችዎን ጠዋት ላይ ከማስጨነቅ በቀር ብዙ የሚያተርፍልዎ ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ሽቶው ሳይጠፋ የጠፋ የሚመስልበት ጊዜም ብዙ ነው። አፍንጫችን ያለማቋረጥ የሚደርሰውን ጠረን ከጥቂት ጊዜ በኋላ መለየት ያቆማል፤ እጣን ሲጨስበት በዋለ ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጢሱን ረስቶት ሳለ፣ ከውጭ የመጣውን እንግዳ ገና ከደጃፉ ላይ እንደሚሸተው ማለት ነው። «ይህ ሽቶ አይቆይም» ብለው ሊመልሱ የሚመጡ ደንበኞች ገና ከበሩ ሲገቡ እኛ ሻጮቹ የትኛውን ሽቶ እንደተቀቡ ከሩቅ እናውቅ ነበር። ከዚህም ሌላ አንዳንድ የምስክ ዓይነቶችን ጭራሽ ማሽተት የማይችሉ ጤነኛ ሰዎች አሉ። ሌላ ሽቶ ከመግዛትዎ በፊት ታዲያ ከሰዓት በኋላ አጠገብዎ የምትቀመጥ ባልደረባ ይሸታት እንደሆነ ይጠይቋት። አንገት ለአፍንጫ ቅርብ በመሆኑ ይህን መላመድ ያፋጥነዋልና፣ ከፊት አንገትዎ ይልቅ በማጅራትዎና በክርንዎ እጥፋት ላይ ቢረጩት ይሻላል። የእጅ አንጓ ደግሞ እጅ በታጠቡ ቁጥር አብሮ ይታጠባል።

ስለ ቆዳ የጠየቁት ተገቢ ነው፤ ደረቅ ቆዳ ሽቶ አይዝም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች በበጋ ወራት አየሯ ቆዳን በእጅጉ ያደርቃል። ገላዎን እንደታጠቡ ሽታ የሌለው ሎሽን ወይም በጣም ስስ ቫዝሊን ቀብተው፣ ቆዳው ከመጠጠው በኋላ ሽቶውን ይርጩበት፤ ከአቀባብ ዘዴዎች ሁሉ ልዩነት ሲያመጣ ያየሁት ይህኛው ነው። ሁለቱን የእጅ አንጓዎች ማፋተግን ይተዉት። ማፋተግ ሽቶውን «ይሰብረዋል» የሚባለው እውነት ባይሆንም፣ ቆዳውን በማሞቅ የቀላሉን ጠረን ትነት ያፈጥነዋል፤ የእርስዎ ሽቶ ደግሞ ከቀላሉ በቀር ብዙም የለውም።

ከቆዳ ይልቅ ጨርቅ ብዙ ሰዓት ይይዛል፤ በተለይ የሱፍ ሻርፕና ጥጥ። ሽቶውን ራቅ አድርገው በሻርፕዎ ወይም በኮትዎ ገበር ላይ ይርጩት። ነጭ ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ ላይ ግን አይሞክሩት፤ በተለይ ቫኒላ የበዛበት ሽቶ ነጭ ጨርቅን እያደር ያበልዘዋል፣ ሐርም በቀላሉ ነጥብ ይይዛል። የባሕረ ሰላጤው ሴቶች መጀመሪያ ልብሳቸውን በቡኹር (በከሰል ላይ በሚጨስ ጥሩ ጠረን ባለው እንጨት) ያጥናሉ፣ ቀጥለው አልኮል የሌለበትን የዘይት ሽቶ በቆዳቸው ላይ ይቀባሉ፣ በመጨረሻም የሚረጨውን ይጨምራሉ። እናቶቻችን ልብስን በእጣን ሲያጥኑ ለኖሩት ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የሎሚና የብርቱካን ሽቶም በእጣን በታጠነ ልብስ ላይ ሲያርፍ መልካም ይስማማል። አልኮል ተቀጣጣይ ስለሆነ ግን ከሰሉ አጠገብ ሆነው በፍጹም እንዳይረጩ።

ጠርሙሱን መታጠቢያ ቤት እንደሚያስቀምጡ ጽፈዋልና ከዚያ ያውጡት፤ ሙቀትና ብርሃን ሽቶን ያበላሻሉ፣ በቁም ሣጥን ውስጥ ከነካርቶኑ ይሻለዋል።

አስመስሎ የተሠራ መሆን አለመሆኑን በቆይታው ብቻ መለየት አይቻልም። ትክክለኛው የሎሚ ሽቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል፤ ርካሽ ምስክ የተሞላበት ሐሰተኛ ሽቶ ደግሞ እስከ ማታ ሊቆይ ይችላል። ይልቁንስ በጠርሙሱ ሥር የታተመውን የምርት መለያ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩት። ቁጥሩ አንድ መሆኑ ለብቻው ማረጋገጫ አይሆንም፤ የተለያየ ከሆነ ግን ደረሰኝዎን ይዘው ወደ ገዙበት ሱቅ ይመልሱት።