«29 ከመቶ» የሚለው ቁጥር ብዙ ሰው ስለጠቀሰው ብቻ ይበቃል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። የፋርማኮሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነሽ። ፕሮፖዛልሽ ላይ «ከኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው ኮዴይንን እጅግ ፈጥነው ወደ ሞርፊን ይቀይራሉ» ብለሽ ጻፍሽ። (ኮዴይን የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ሞርፊን ደግሞ ከሱ የጠነከረው።) አማካሪሽ «ይሄ ከየት መጣ?» ሲሉሽ ያንኑ የሚሉ ስድስት ጽሑፎች ደረደርሽላቸው። አልረኩም። «ይሄን ያህል ሰው የጠቀሰው ነገር እንዴት አይበቃም?» ነው ያልሽው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አሁን ያለሁት አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር እዚያም እዚህም ሲከተለኝ ኖሯል። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አማካሪሽ ልክ ናቸው። የስድስቱን ጽሑፎች ማጣቀሻ ወደ ኋላ ተከተዪው። በእኔ ልምድ ብዙ ጊዜ መጨረሻው አንድ ቦታ ነው፤ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉ ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በ1996 ያወጡት ጥናት ላይ። ከስድስቱ አንዱ እንኳ ራሱ አዲስ ሰው ካልመረመረ፣ በእጅሽ ያለው ማስረጃ አንድ ነው። ስድስት ሰው ከአንድ ሰው የሰማውን ወሬ ቢነግርሽ ስድስት ምስክር አገኘሁ አትዪም።

ጥናቱ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ግሩም ጥናት ነው። ችግሩ የሚጠቅሱት ሰዎች የሚሉትና እሱ የሚለው ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑ ነው።

የተሠራው እንዲህ ነው። ጉበታችን ውስጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ። ኮዴይን ራሱ ደካማ ነገር ነው፤ ሕመም የሚያስታግሰው ይህ ኢንዛይም ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። አንዳንድ ሰው ጋ የኢንዛይሙ ጂን አይሠራም፤ ኮዴይን ቢውጥም ባይውጥም ያው ነው። አንዳንዱ ጋ ደግሞ ጂኑ ተባዝቶ በአንድ ክሮሞዞም ላይ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ሆኖ ይገኛል፤ እንዲህ ሲሆን ሞርፊኑ ፈጥኖና በዝቶ ሊመረት ይችላል። እሌኒና ባልደረቦቻቸው ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያንን መርምረው 29 ከመቶው ይህን የተባዛ ጂን ተሸክመው አገኟቸው። ስዊድኖች ጋ ቁጥሩ ከአንድ እስከ ሁለት ከመቶ ነው። የዓለም ሰው ለምን እንደደነገጠ ይገባሻል።

ጂኑን ብቻ አይደለም ያዩት። ኢንዛይሙ በተግባር ምን ያህል እንደሚሠራም ለክተዋል። ለዚህ የተጠቀሙት ደብሪሶኩዊን የሚባል የድሮ የደም ግፊት መድኃኒት ነው። (የለንደኑ ተመራማሪ ሮበርት ስሚዝ በ1970ዎቹ ራሱ ላይ ሞክሮ ግፊቱ ወርዶ የተዘረረበት መድኃኒት ነው። ይህ ሁሉ ምርምር የተጀመረው አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ ባልደረቦቹ ምንም ስላልሆኑ ነው።) የተለመደው አሠራር ሰውየው ማታ አንድ ክኒን ይውጣል፣ ከዚያ በኋላ ለስምንት ሰዓት የሸናውን ሁሉ ያጠራቅማል። ሽንቱ ውስጥ ያልተቀየረው መድኃኒት ለተቀየረው ይካፈላል። ውጤቱ ከ12.6 በላይ ከሆነ ሰውየው ቀርፋፋ ነው። በጣም ትንሽ ከሆነ ፈጣን ነው።

አሁን የአንቺን ዓረፍተ ነገር ተመልከቺ። ጥናቱ ያለው «29 ከመቶው የተባዛ ጂን ተሸካሚ ነው» ነው። አንቺ የጻፍሽው «29 ከመቶው እጅግ ፈጣን ነው» ነው። የተለያየ ነገር ነው። አንድ ሰው ከአባቱ የተባዛ፣ ማለትም ሁለት የሚሠራ ቅጂ ወረሰ እንበል። ከእናቱ ደግሞ የማይሠራውን ወረሰ። ድምሩ ሁለት የሚሠራ ቅጂ ነው፤ እንደማንኛውም ሰው። ተሸካሚ ነው፣ ፈጣን ግን አይደለም። ደግሞም አፍሪካ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኮከብ 17 የሚባለው ዓይነት ይሠራል ግን ደከም ይላል። እሱም ከተባዛው ጋር ሲገጥም ድምሩን ይቀንሰዋል። አሁን ሐኪሞች የሚከተሉት መመሪያ ለእናትና ለአባት ወገን ጂን እንደ አሠራሩ ነጥብ ይሰጣል (በደንብ የሚሠራ አንድ ቅጂ 1 ነጥብ ነው)፤ ድምሩ ከ2.25 በላይ የሆነውን ብቻ ነው እጅግ ፈጣን የሚለው። «ተሸካሚ» የነበረው ቃል ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲሻገር ሳይታወቅ «ፈጣን» ሆኖ ቁጭ አለ።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ያው ቡድን በ2002 ሁለተኛ ጥናት አውጥቷል። ኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንንና ስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አወዳደረ። ጂናቸው አንድ ዓይነት ሆኖ እንኳ፣ ሀገር ቤት ያሉት ጋ ኢንዛይሙ ስዊድን ካሉት ቀስ ብሎ ይሠራ ነበር። ስለዚህ አካባቢም እጁ አለበት ማለት ነው፤ ምግብ ይሁን ሌላ። ይህ ለአንቺ ርዕስ ከ29 ከመቶው በላይ የሚጠቅም ግኝት ነው። ሆኖም ስብሰባ ላይ የ1996ቱን ስላይድ ስንቴ አይቼዋለሁ፣ የ2002ቱን የሚያነሳ ግን ብርቅ ነው። አጭር ቁጥር ለመጥቀስ ይመቻል፤ «እንደየአካባቢው ይለያያል» ግን ስላይድ ላይ አያምርም።

«የተጠቀሰበት ብዛት» ምን እንደሚለካ ለማየት ደግሞ ከዚሁ ከሕመም ማስታገሻ ሰፈር ሳንወጣ አንድ ምሳሌ አለ። በ1980 ፖርተርና ጂክ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ያላት ደብዳቤ አወጡ። ሆስፒታል ተኝተው ናርኮቲክ (እንደ ሞርፊን ያለ ማስታገሻ) ከተሰጣቸው 11,882 ሕሙማን ውስጥ ሱስ ያዛቸው ተብለው የተመዘገቡት አራት ናቸው አሉ። ጥናት አልነበረም፣ ደብዳቤ ነው። በ2017 ያው መጽሔት ላይ የወጣ ትንተና ይህችን ደብዳቤ የጠቀሱትን 608 ጽሑፎች አንድ በአንድ ተመለከተ። 72 ከመቶው ሱስ እምብዛም አይከሰትም ለማለት ማስረጃ አድርጓታል። 81 ከመቶ ገደማው ደግሞ ሕሙማኑ ሆስፒታል የተኙ እንደነበሩ እንኳ አልጠቀሰም። ቤቱ ሆኖ ለወራት ክኒን ለሚውጥ ሰው ደብዳቤዋ የምትለው ነገር አልነበራትም። አሜሪካ ዛሬ ድረስ ያልወጣችበት የኦፒዮይድ፣ ማለትም የእነዚሁ ማስታገሻዎች ሱስ ጣጣ ውስጥ ይህ የመጥቀስ ልማድ የራሱ ድርሻ አለው። በሳይቴሽን (በተጠቀሰበት ብዛት) ቆጠራ ብትሄጂ ግን ደብዳቤዋ ኮከብ ነበረች።

ቆጠራው የሚነግርሽ አንድ ጽሑፍ ስንት ሰው ጋ እንደደረሰ ነው። ያ ጠቃሚ መረጃ ነው፣ አልንቀውም። እውነት መሆኑን ግን አይነግርሽም።

ይህ ነገር ሕመምተኛ ላይ ምን እንደሚያደርግም አይቻለሁ። እዚህ አንዲት ሀበሻ እናት ጥርሷን ተነቅላ ኮዴይን ያለበት ክኒን ታዘዘላት። በማግስቱ ልጇ ደወለች፤ «እማዬን ቀስቅሰናት ቀስቅሰናት አልነቃ አለችን፣ አሁን ተነስታለች ግን ራሷን ያዞራታል» አለችኝ። ክኒኑን አቁሙ አልኳት፣ ወደ ሐኪሙም ደወልኩ። ሐኪሙ የሆነ ስልጠና ላይ ቁጥሩን ሰምቷል። «ኢትዮጵያዊት ናት፣ እጅግ ፈጣን መሆን አለባት» ብሎ ፋይሏ ላይ ጻፈው። በኋላ የጂን ምርመራ ሲሠራላት መደበኛ ሆና ተገኘች። የተወሳሰበ ምክንያት አልነበረውም። ማታ ማታ ለእንቅልፍ ብላ የምትውጠው የአለርጂ ክኒን ነበራት፤ ከኮዴይኑ ጋር ተደራርቦ ነው ያፈዘዛት። መድኃኒት ነው ብላ ስለማትቆጥረው ለማንም አልነገረችም። የሐኪሙ ጽሑፍ ሳይጣራ ቢቀር ኖሮ፣ ነገ ሌላ በዚሁ ኢንዛይም የሚቀየር መድኃኒት ሲታዘዝላት «ይቺ ፈጣን ናት» ተብሎ መጠኑ ከፍ ሊደረግባት ይችል ነበር።

ይህን ስል ግን ኮዴይን አያሰጋም የሚል እንዳይመስልብኝ። ፈጣን የሆነ ሕፃን ጋ ሞርፊኑ ስለሚበዛበት ነገሩ የሞት ሽረት ነው። ቶንሲል ወጥቶላቸው ኮዴይን የተሰጣቸው ልጆች ሞተው ነው የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2013 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ያወጣው። በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ጭራሽ እንዳይሰጥ አለ። የኛው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣንም በ2015 ኮዴይንን ያገደው በዚሁ የጂን ጉዳይ ነው። በእኔ እምነት ልክ ነበር። ሁሉንም ሰው መመርመር በማይቻልበት ሀገር፣ ምትክ ያለውን መድኃኒት ማገድ ያስኬዳል። ቁጥሩ 29 ሆነ 15 ውሳኔው አይለወጥም።

እንዲያውም ፕሮፖዛልሽን እኔ ብሠራው ኮዴይን ላይ አልቆምም ነበር። ትራማዶል የሚባለውን ሌላ የሕመም ማስታገሻ አስቢበት። እሱም በዚሁ በሲዋይፒ2ዲ6 ነው ወደ ጠንካራው መልኩ የሚቀየረው፤ የኤፍዲኤ የ2017 ክልከላም እሱንም ይጨምራል። ሀገር ቤት ደግሞ በሽ ነው። የታገደውን መድኃኒት ከምታጠኚ፣ ሰው በየቀኑ የሚውጠውን ብታጠኚ ይሻልሻል።

አሁን ወደ ሥራው። የ1996ቱን ጥናት ሙሉውን አንብቢው፣ አብስትራክቱን (አጭር ማጠቃለያውን) ብቻ አይደለም። ከዚያ የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ በሆነው ጉግል ስኮላር ላይ አውጪውና የጠቀሱትን ጽሑፎች ዝርዝር ክፈቺ። እዚያው ዝርዝር ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሳጥን አለ። «ኢትዮጵያ» እና «ጂኖታይፕ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ አስገቢ። ግማሽ ቀን ይፈጅብሽ ይሆናል፣ ግን ራሳቸው ሰው መርምረው የለኩትን ከሚያስተጋቡት ትለያለሽ። ጠረጴዛ ላይ መቅረት ያለባቸው የለኩት ናቸው፤ ሦስትም ቢሆኑ።

ስትፈልጊ ደግሞ የኛን ሰው ስም በሁለቱም በኩል ሞክሪ። የውጭ ዳታቤዝ የአባት ስምን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስደዋል፤ አንዳንዱ መጽሔት ደግሞ ገልብጦ በራስ ስም ይመዘግባል። አንድ ተመራማሪ ሁለት ሰው ሆኖ ሳይቴሽኑ ለሁለት ይከፈላል፤ ወይም የአባታቸው ስም የተገጣጠመ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። አንቺም የመጀመሪያ ጽሑፍሽን ከማውጣትሽ በፊት ኦርኪድ የሚባለውን መለያ ቁጥር አውጪ፣ ነፃ ነው፤ ስምሽንም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ተጠቀሚ።

ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ብታደርጊው አማካሪሽ የሚቀበሉሽ ይመስለኛል፦ «በ1996 በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው የተባዛ የሲዋይፒ2ዲ6 ጂን ተሸካሚ ሆነው ተገኝተዋል፤ ይሁንና የኢንዛይሙ አሠራር በሌላኛው ክሮሞዞም ላይ ባለው ጂንና በአካባቢ ሁኔታም ይወሰናል።» ሁለተኛው ሐረግ ላይ የ2002ቱን ጥቀሺ።