እሑድ የማይመጣ ራስ ምታት

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ፣ ጅሬን አካባቢ ሲሆን ግቢዬ ውስጥ ባለች ክፍል በርጩማና ወንበር እሠራለሁ። ክረምቱ ሲገባ ዋንዛውም ኮላውም አልደርቅ ስላለኝ ከበርሜል የተሠራ የእንጨት ምድጃ አስገባሁ። ጭሱ እስኪያልቅ በሩን እከፍታለሁ፤ ፍም ሲሆን እዘጋዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ራሴን ይወቅረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ታይፎይድ መስሎኝ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ገዝቼ ዋጥሁ። እሑድ እሑድ ግን ደህና ነኝ። ቡና የምታመጣልኝ ነፍሰ ጡር ባለቤቴም ራሴን አመመኝ ማለት ጀምራለች። ጭንቅላቴ ውስጥ ዕጢ በቅሎ ይሆን?

መልስ፦ ዕጢ እሑድን አያከብርም፤ ከእርስዎ ራስ ወደ ባለቤትዎ ራስም አይሻገርም። ይህን ፍርሃት ያውርዱት። እኔን ያስፈራኝ ምድጃው ነው።

«ፍም ሲሆን እዘጋዋለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ንባቤን አቋረጥሁ። ፍም ንጹሕ ነው የሚለው እምነት በአገራችን ስንት ቤት ዘግቷል! ጭስ ቢያንስ ዐይን እያስለቀሰ ከቤት ያስወጣል። አመድ የለበሰው ቀይ ፍም ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ የማይታይና የማይሸት ጋዝ ይለቃል። ጋዙ በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ፍሙ ላይ ጨው መነስነስ አያጠፋውም። ወተትም አያወጣውም፤ ወተት የሚገባው ጨጓራ፣ ጋዙ ያለው ደም ውስጥ ነው። በአንድ ክፍል የዋሉ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ራስ ምታት ካላቸው፣ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ሌላ ማስረጃ አልጠብቅም። ሰው ከደነዘዘ፣ ከተንገዳገደ ወይም ከወደቀ ደግሞ ወተት አትፈልጉ፤ ጎትታችሁ አውጡትና ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።

ለመሆኑ ሁለት ዙር መድኃኒት ማን አዘዘልዎ? በክረምት ራሱን ያመመው ሁሉ ታይፎይድ ነው መባሉ ሰልችቶኛል። ያ ሁሉ ኪኒን ሲዋጥ ምድጃው እየነደደ ነበር።

አሁን እሳቱን አጥፍተው ሁለታችሁም ዛሬውኑ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ነገ አይደለም፤ ጽንሱ ከእናቱ ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል፣ እሷ ቀላል ራስ ምታት ብቻ እየተሰማት። «ዝግ ክፍል ውስጥ እንጨት አነዳለሁ» ብለው ይናገሩ። ካልተናገሩ ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ኦክስጅናችሁ ሙሉ ነው ብሎ ሊያታልል ይችላል። ጋዙ በተራ አየር በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈልጋል፤ በጭንብል በሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። በጊዜ የደረሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል፤ አይደንግጡ።

ሥራዎን ተዉ አላልሁም። መጋጠሚያው ያልላላ፣ ከጣሪያው በላይ የሚወጣ የጭስ ቱቦ ያስገጥሙ፤ ቢዘንብም መስኮቱ አይዘጋ፤ ፍም ትተው አይደሩ። ቫርኒሽ የነካው ቁራጭም ማገዶ አይደለም።

አንድ ነገር ሳልጠይቅዎ፦ ያ ቡና የሚፈላው የት ነው? የከሰል ምድጃው ዝናብ ሸሽቶ ቤት ገብቶ ከሆነ እሱንም ለሐኪሙ ይንገሩ።