ካርትሪጅ ከመግዛትሽ በፊት ሽቦውን አሳጥሪው

«ጋሼ፣ ከአባቴ የቀረልኝ ፓዮኒር ፒኤል-12ዲ ሸክላ ማጫወቻ አለኝ። ዘመድ ከውጭ ኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ካርትሪጅ (መርፌዋን የሚይዘውን ትንሽ ዕቃ) አምጥቶልኝ አስገጥሜዋለሁ። ድምፁ ግን ይሾላል፤ ዘፋኙ ‹ሰ› እና ‹ጸ› ባለ ቁጥር ጆሮ ይወጋል። እኔ የምፈልገው ለስለስ፣ ሞላ ያለ ድምፅ ነው። ጓደኛዬ ዴኖን ዲኤል-103 የሚባለውን ካርትሪጅ ግዢ ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል? ማጫወቻው መስኮቱ ሥር፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከወዲያኛው ግድግዳ ስለሆነ በሦስት ሜትር ሽቦ ቀጥዬዋለሁ።» (ከባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር)

እህቴ፣ እንደ ዋዛ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት ያቺ ሦስት ሜትር ሽቦ ናት ዋናዋ ተጠርጣሪ። ገንዘብሽን ለጊዜው ከቦርሳሽ አታውጪው።

ካርትሪጅሽ ውስጥ ከመርፌዋ ጋር የምትንቀሳቀስ ማግኔትና በጣም ቀጭን የሆነ ጥቅል ሽቦ አለ። ያ ጥቅል ከኬብሉና ከአምፕሊፋየሩ መግቢያ ካፓሲታንስ (የኤሌክትሪክ ክፍያ የመያዝ ባሕርይ) ጋር ተጣምሮ አንድ የድምፅ ክልል ላይ ጉብታ ያወጣል፤ እዚያ ያለው ድምፅ ከሌላው ይጎላል ማለት ነው። ፋብሪካው ለቪኤም95ኢ የሚመክረው ጠቅላላ ካፓሲታንስ ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ (የካፓሲታንስ መለኪያ) ነው። በ200 ላይ ጉብታው 15 ሺህ ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል፤ እዚያ ብዙም ጆሮ አያስቸግርም። አሁን የአንቺን እንደምር። የማጫወቻው የራሱ ኬብል በግምት 100፣ የቀጠልሽው ሦስት ሜትር ደግሞ በሜትር 100 ያህል ብንለው 300 (ርካሽ ሽቦ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል)፣ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ 200 ገደማ ቢሆን ድምሩ 600 ነው። ጉብታው ወደ 9 ሺህ ኸርዝ ይወርዳል፤ ያ ደግሞ የ«ሰ» እና የ«ጸ» ሠፈር ነው። እነሱን ያጎላል፣ ከእነሱ በላይ ያለውን ይቆርጣል። ሹል ሆኖ ግን የታፈነ ድምፅ የሚመጣው እንዲህ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ሌላ ተመሳሳይ ካርትሪጅ ብትገዢ ሻንጣ ለውጠሽ ያንኑ ዕቃ እንደመሸከም ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። አምፕሊፋየሩን ከማጫወቻው ጎን አምጪውና የማጫወቻውን ኬብል ያለ ቅጥያ በቀጥታ ፎኖ የሚለው ቀዳዳ ላይ ሰኪው። ርቀቱን የሚሸፍነው የስፒከሮቹ ሽቦ ይሁን፤ እሱ አሥር ሜትር ቢረዝም እንኳ ይህን ጣጣ አያመጣም። የቤቱ አቀማመጥ አልፈቅድ ካለሽ ትንሽ የፎኖ ማጉያ (የካርትሪጁን ደካማ ድምፅ የሚያሳድግ ሳጥን) ገዝተሽ ማጫወቻው አጠገብ አስቀምጪና ረጅሙን ሽቦ ከእሱ በኋላ አድርጊው። ያን ጊዜ ግን የሚሰካው ፎኖ ላይ ሳይሆን ኦክስ የሚለው ላይ ነው፤ ተሳስቶ ፎኖ ላይ ከገባ ድምፁ ይፈነዳል።

ቀጥሎ መርፌዋ ሸክላው ላይ የምታርፍበት ክብደት። ለዚህ ካርትሪጅ 2 ግራም ነው፣ ቢበዛ 2.2፣ ቢያንስ 1.8። ሸክላ እንዳይበላ ብሎ ክብደት የሚቀንስ ሰው ብዙ ነው፤ ውጤቱ ተቃራኒ ነው። የቀለለች መርፌ ቦይዋን ለቅቃ እየዘለለች ግድግዳውን ትፍቃለች፣ «ሰ»ም ይንጫጫል። ወርቅ ቤት የሚጠቀሙባትን ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ብታገኚ በቂ ነው። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ የሚዛኑ ሰሌዳ ብረት ከሆነ ማግኔቱ ይስበውና የሐሰት ቁጥር ያሳይሻል። በላዩ ላይ ወፍራም የፕላስቲክ ቁራጭ አስቀምጪና ዜሮ አድርገሽ ከዚያ መዝኚ።

የሐይቁ ዳር ሰው ስለሆንሽ አንድ ነገር ልጨምር። የፒኤል-12ዲ ክንድ ካርትሪጁ የታሰረበት ጫፉ ተፈትቶ የሚወጣ ነው፤ መገናኛው ላይ አራት ጥቃቅን ነጥቦች አሉ። የክረምት እርጥበት አረንጓዴ ያለብሳቸዋል። ይህ ድምፅ አያሾልም፣ አንዱን ጎን ያጠፋል ወይም ያንኮሻኩሻል። በእርሳስ ላጲስ በቀስታ ጥረጊያቸው። ማታ ከጣና የሚነሣውን ትንኝም አትርሺ፤ መብራት ወዳለበት ሲጎርፍ የማጫወቻው ክዳን ተከፍቶ ከጠበቀው መርፌዋ ሥር ተለውሶ ታገኚዋለሽ።

አሁን ወደ ካርትሪጁ። ዲኤል-103 በጃፓን ብሮድካስት ሥራ ላይ ስሙን የተከለ የተከበረ ዕቃ ነው፤ ጓደኛሽ ስለ ድምፁ አልዋሸችም። ላንቺ ግን አልመክረውም። የሚያወጣው 0.3 ሚሊቮልት ነው፣ ያንቺው 4። አምፕሊፋየርሽ ለዚህ ዓይነት ካርትሪጅ የተለየ መግቢያ ከሌለው ሌላ ማሳደጊያ ትራንስፎርመር መግዛት ሊኖርብሽ ነው። ከዚያ የባሰው ግን መርፌዋ ስታልቅ ነቅለሽ የምትለውጪው አይደለም፤ ካርትሪጁ በሙሉ ወደ ባለሙያ መላክ አለበት። ባሕር ዳር ተቀምጦ ይህን መከራ መግዛት አይገባም።

ሽቦውን አስተካክለሽ አሁንም ለስለስ ይበልልኝ ካልሽ መጀመሪያ ቪኤምኤን95ሲ የምትባለውን መርፌ ብቻ ግዢ። አሁን ባለሽ የካርትሪጅ አካል ላይ ተገፍታ ትገባለች። ጫፏ ክብ ስለሆነ ጥቃቅኑን ጭረትና አቧራ አሁን እንዳለችሽ ሞላላ መርፌ አትለቅምም። የአባትሽ ሸክላዎች በ1960ዎቹ ዓ.ም. የወጡ፣ እንደ አምሃ ሪከርድስና ካይፋ ያሉ አሳታሚዎች ያወጧቸው ባለ 45 ዙር ከሆኑ ለዓመታት በከባድ መርፌ ተጫውተዋልና ይህ ጥቅም አለው። ጉድለቱንም ልንገርሽ፦ ክቧ መርፌ የድሮዎቹ መርፌዎች የፋቁትን ቦታ ደግማ ልትረግጥ ትችላለች፤ አንዳንዱ ሸክላ በሞላላዋ ይሻላል። ሁለቱንም ይዞ መቀያየር ደግሞ ደቂቃ አይፈጅም። ሸክላው ሞኖ (ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ) ከሆነና አምፕሊፋየርሽ ሞኖ የሚል ቁልፍ ካለው ተጫኚው፤ ግማሹ ጩኸት ወዲያው ይወርዳል።

ሙሉ ካርትሪጅ ልለውጥ ካልሽ የእኔ ምርጫ ናጋኦካ ኤምፒ-110 ነው። 5 ሚሊቮልት ስለሚያወጣ አሁን ላለሽ መግቢያ ይስማማል፣ መርፌዋም ትለወጣለች፣ መካከለኛው ድምፅ ሞላ ያለ ነው፤ የሰው ድምፅና ሳክስፎን ያምርበታል። ግራዶ የሚባለው ካርትሪጅም ለስላሳ ነው የሚሉት እውነት ነው፤ ከአንዳንድ አሮጌ ማጫወቻ ሞተር ጋር ግን እምም የሚል ድምፅ ይለቅማል። ሳትሞክሪ አትግዢው። ስታስገጥሚ ነጭና ሰማያዊ ሽቦ ለግራ፣ ቀይና አረንጓዴ ለቀኝ ነው፤ ሽቦዎቹን በጠባብ ፒንሴት ያዢ እንጂ በጣት አትጎትቻቸው።

ሽቦው አጥሮ፣ ክብደቱ ተስተካክሎም «ሰ» መውጋቱን ካላቆመ አንድ ሸክላ ከዳር እስከ መሐል አዳምጪ። ዳሩ ላይ ደህና ሆኖ ወደ መሐል ሲጠጋ የሚብስ ከሆነ ካርትሪጁ ክንዱ ጫፍ ላይ ጠሞ ታስሮ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ብሎኖች ላላ አድርገሽ በወረቀት ላይ በታተመ ማስተካከያ ሰሌዳ አስተካክዪው፤ ሲታተም መጠኑ አለመቀየሩን መጀመሪያ በማስመሪያ ለኪ። ከዳር እስከ መሐል እኩል የሚወጋ ከሆነ ግን መርፌዋን በአጉሊ መነጽር እያት፤ ጫፏ ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ካለ በለስላሳ ብሩሽ ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ጥረጊው።