ምሰሶው ተሰነጠቀ ተብሎ ሼድ አይፈርስም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ዳር ያለ አሮጌ የፋብሪካ መጋዘን ለእንጨትና ብረታ ብረት ማኅበራችን ሊሰጠን ነው። ጣሪያው እንደ መጋዝ ጥርስ የተደረደረ፣ ክዳኑም ኢተርኒት (ከሲሚንቶና ከቃጫ የተሠራ ክዳን) ነው። ምሰሶዎቹ ተሰነጣጥቀው አንዳንድ ቦታ ፌሮው ይታያል። ያየው ተቋራጭ «ሙሉ በሙሉ ይፍረስ» ብሎናል። እናፍርሰው? — የማኅበሩ አባላት

መልስ፦ የሚያፈርሰውም የሚገነባውም እሱ ከሆነ ምክሩን በጥርጣሬ ተቀበሉት። መጀመሪያ ስንጥቁ ወዴት እንደሚሄድ እዩ። ልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ አያስፈራም። ፌሮውን ተከትሎ ከላይ ወደ ታች የወረደ ከሆነ ብረቱ ዝጓል። ምሰሶውን በሰያፍ የሚያቋርጥ ሲሆን ግን መሠረቱ ተንቀሳቅሶ ሊሆን ይችላል፤ መረሬ አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል። ያንን መሐንዲስ ሳያየው አትንኩት።

ለዛገው ቀላል ምርመራ አለ። ኮንክሪቱን በመሮ ፈልጣችሁ፣ አቧራውን አራግፋችሁ፣ በአልኮል የተበጠበጠ 1 በመቶ ፊኖልፍታሊን (ቀለሙን እየለወጠ የሚያመለክት ኬሚካል) እርጩበት። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ ከሆነ ኮንክሪቱ አሁንም ብረቱን ይጠብቃል፤ ቀለም ካልያዘ አየር ገብቶ አድክሞታል። ቀለም ያልያዘውን ጥልቀት በማስመሪያ ለኩ። ፌሮው ያለው 2.5 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆኖ ድካሙ 1 ሳንቲ ሜትር ላይ ከቆመ ምሰሶው ገና ዕድሜ አለው። አንድ ቦታ ብቻ ፈትናችሁ አትፍረዱ፤ የምሰሶ እግርና ከአሸንዳ ሥር ያለው ክፍል ቀድሞ ይጎዳል።

ጥገናው ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የዛገውን ፌሮ በልስን መሸፈናቸው ነው። ዝገት ከብረቱ በእጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ልስኑን ገፍቶ ይጥለዋል። ከፌሮው ጀርባ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪገባ ፈልፍሉ፣ በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈትጉ፣ አሮጌውን ኮንክሪት ውኃ አጠጡና ሙሉት፤ ከዚያም ለአንድ ሳምንት እርጥብ ጆንያ አልብሱት። ብረቱ በግልጽ የሳሳ ከሆነ ግን ተጨማሪ ፌሮ ያስፈልጋል። ስንት እንደሚጨመር የሚያሰላው መሐንዲስ ነው። ከመፈልፈላችሁ በፊትም ጭነቱን በድጋፍ ያዙ፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ምሰሶ በላይ አትክፈቱ።

ይህ ሁሉ ልፋት አሸንዳው ካልተስተካከለ ከንቱ ነው። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። 500 ካሬ ሜትር ጣሪያ ታዲያ በዓመት 700,000 ሊትር ውኃ ይቀበላል ማለት ነው። ያ ሁሉ የሚሰበሰበው በሁለት ጥርሶች መካከል ባለች ጠባብ አሸንዳ ነው፤ ቅጠልና የወፍ ጎጆ ሲደፍናት ውኃው ወደ ምሰሶው ይዞራል። ግንቦት ላይ ጥረጉ፤ የመውረጃ ቱቦውን አፍ በወንፊት ክደኑ።

ጥያቄ፦ ኢተርኒቱን እኛው ብናወርደውስ?

መልስ፦ አስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ የማዕድን ቃጫ) ይኑረው አይኑረው በዓይን አይለይም። ላቦራቶሪ «የለውም» እስኪል ድረስ እንዳለው ቁጠሩት። አደጋው ክዳኑ እንዳለ ሲቀመጥ ትንሽ ነው፤ ሲሰበር፣ ሲቆረጥና ሲጠረግ ግን ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ስለዚህ በባለሙያ ይውረድ። ሥራው ሲሠራ ልትቆጣጠሩ የምትችሉት ይህን ነው፦ ክዳኑ ትንሽ ሳሙና ባለው ውኃ ይረጥባል፣ የዛገው ብሎን በመቁረጫ ይቆረጣል እንጂ በግራይንደር አይነካም፣ ክዳኑ ሳይሰበር በእጅ ይወርዳል፣ ሳይፈጭ በሁለት ድርብ ወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይታሰራል። የጨርቅ ማስክ ዋጋ የለውም። መጥረጊያም አይታሰብ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጨርቁም አብሮ ይታሰራል። ክዳኑ ያረጀ በመሆኑ ሰው ሊሸከም ስለማይችል በላዩ መራመድም ክልክል ነው፤ ሳንቃ ይዘርጋ።

ጥያቄ፦ «ቅርስ ነው» ብለው ሥራችንን ቢያስቆሙንስ?

መልስ፦ አስቀድማችሁ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ጥገና ሥራ ቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይሻል፤ ዕድሜው አጭር ነው ብላችሁም አትመኑ። የከተማው የኢንዱስትሪ ታሪክ የሚጀምረው በጣሊያን የጦር ካሳ ከተተከለው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነውና አካባቢው ያለ ታሪክ አይደለም። ከማመልከቻው ጋር የሼዱን አራት ጎን ፎቶ፣ የምሰሶዎቹን ርቀት በሜትር፣ የፊኖልፍታሊኑን ውጤት አያይዙ። ውጪውን ሳትነኩ ውስጡን በቀላል ክፍልፋይ እንደምትከፍሉም ጻፉ።