ከአሜሪካ የተላከ ብሌንደር እዚህ ይሠራል ወይ?

እህትህ ከአሜሪካ የላከችልህን ብሌንደር በአዳፕተር ብቻ እንዳትሰካው። አዳፕተር የሚቀይረው የመሰኪያውን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይደለም። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ ደግሞ 220።

ገልብጠህ ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። «100-240» ካለ ያለ ሐሳብ ስካው። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው እንዲህ ነው። «120» ብቻ ካለ ግን ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር የግድ ያስፈልግሃል። ዋቱ ከብሌንደሩ ዋት በደንብ ይብለጥ፤ ብሌንደሩ 700 ከሆነ 1000 ግዛ።

እኔ ረከሰልኝ ብዬ አነስተኛውን ገዝቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ልጆቹ እዚያው አጠገቡ ነበሩ። እስካሁን ሳስበው ይዘገንነኛል። ስለዚህ ሻጩ «ይችላል» ቢልህም ከጀርባው የተጻፈውን ዋት ራስህ አይተህ ግዛ። ተጠቅመህ ስትጨርስም ትራንስፎርመሩን ንቀለው፣ ባዶውንም ይግላል።